ግብር፣ እጅ መንሻ፣ ነጋሪት፦ ስለ ጎንደር ንጉሠ ነገሥትና ስለ ገባሮቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በፋሲል ግቢ እንግዳ ይዤ መዞር ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሰው መጀመሪያ ስለ ኖራው፣ ስለ አንበሳ ቤቱና ስለ ፋሲል መዋኛ ይጠይቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እዚህ የነበረው ንጉሥ የሚገዛው እስከ የት ድረስ ነበር?» አንድ ወሰን አሳይቼ ብገላገል ደስ ባለኝ፤ ነገሩ ግን በወሰን አይለካም። ማን ለማን ምን ያህል እንዳመጣ፣ ያመጣውንም ነገር ሁለቱ ወገኖች ምን ብለው እንደጠሩት መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግሜ የምመልሳቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የበላይ ገዥነት ከሉዓላዊነት በምን ይለያል?

ሉዓላዊ መንግሥት በአገሩ ውስጥ ሕግ ያወጣል፣ ይዳኛል፣ ጦር ያዘምታል፤ ከእሱ በላይ ሌላ የለበትም። የበላይ ገዥነት ሲባል ግን ሁለት ገዥዎች አሉ። የታችኛው በአገሩ ይነግሣል፣ ይፈርዳል፣ ልጁን ያወርሳል፤ ከእሱ በላይ ያለ ሌላ ጌታ መኖሩንም ያምናል። ማመኑን የሚያሳየው በግብር፣ በጦር እርዳታ፣ ሹመቱን ከዚያ ጌታ እጅ በመቀበልና ከውጭ አገር ጋር የሚያደርገውን ንግግር ለእሱ በመተው ነው። አራቱም ሁልጊዜ አብረው አይገኙም፤ ክርክሩ የሚነሣውም ከዚያ ነው።

«ንጉሠ ነገሥት» ባዶ ማዕረግ ነው ወይስ እውነት?

እንደ ዘመኑ ነው። ቃሉ በቀጥታ «የነገሥታት ንጉሥ» ማለት ነውና ከበታቹ ሌሎች ነገሥታት እንዳሉ አስቀድሞ ይቀበላል። በአፄ ፋሲል ልጅ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊና በልጅ ልጃቸው በአፄ ኢያሱ ዘመን ማዕረጉ ሥጋና ደም ነበረው። የሸዋው ነጋሲ ክርስቶስ ሹመታቸውን ለማጽናት ወደ አፄ ኢያሱ መጥተው ጎንደር ላይ እንዳረፉ ይተረካል። ያንን ሁሉ መንገድ የሚያመጣ ጦር አልነበረባቸውም። ሸዋ ላይ በጉልበታቸው የያዙት ሥልጣን ስም የሚያገኘው ግን እዚህ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ያህል ነገሡ፣ ያንኑ ያህልም ወረዱ። ሕዝቡ ያወጣላቸው ቅጽል «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ነው፤ ከእሳቸው በኋላ የነገሠውን መንግሥት ብሎ ለመጥራት የደፈረ አልነበረም።

ግብር፣ እጅ መንሻና አምኃ አንድ አይደሉም?

አይደሉም፤ ግቢውን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ቁልፍ አላውቅም።

ግብር ግዴታ ነው። ልኩ ይታወቃል፣ ጊዜው ይታወቃል፣ ካልመጣ ይፈለጋል። እጅ መንሻ ግን ወደ ጌታ ፊት የሚቀርብ ሰው ባዶ እጁን ላለመሆን ይዞት የሚሄደው ነው፤ ልኩን የሚወስነው የአቅራቢው አቅምና ብልሃት ነው። አምኃ የከበረ ስጦታ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ከንጉሥ ለንጉሥም ይሰጣል፤ ሰጪውን ዝቅ አያደርገውም።

ታዲያ አንዱን ጭነት ላኪው አምኃ ብሎት ተቀባዩ ግብር ብሎ ቢመዘግበውስ? የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከ1762 እስከ 1764 ጎንደር ሳለ የሸዋው አምኃ ኢየሱስ አምስት መቶ ወቄት ወርቅና አንድ ሺ ፈረሰኛ ይዘው እንደመጡ ጽፏል። (ስማቸው ራሱ አምኃ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ይህን ስናገር አንድ የደምቢያ አዛውንት «ስም ይመራዋል ማለት ነው» ብለው ሳቁብኝ።) በዚያን ጊዜ ሸዋን ሊያስገድድ የሚችል ጦር ጎንደር ውስጥ አልነበረም። ቤተ መንግሥቱ በትግራዩ ገዥ በራስ ሚካኤል ስሑልና በጠላቶቻቸው መካከል እየተናጠ ነበር። እንደ እኔ ግምት ሸዋዎች ያንን ወርቅ ያመጡት ከበላይ ሆኖ የሚያስገብራቸው ንጉሥ ባለመኖሩ ነው፤ ከደካማ ንጉሥ የሚገኝ እውቅና ርካሽ ነው፣ ዋጋውም በፈቃድ ይወሰናል።

«ግብር አበላ» የሚባለውስ?

ያው ቃል ነው። ገባሩ ግብር ያገባል፣ ንጉሡ ግብር ያበላል። ወደ ላይ የወጣው ማር ጠጅ ሆኖ ይወርዳል፣ የተነዳው ሰንጋ ጥሬ ሥጋ ሆኖ ይቀርባል። አንድ ቋንቋ ለመቀበልም ለማብላትም አንድ ቃል ከተጠቀመ ሁለቱን እንደ አንድ ሥራ ያያቸው ነበር ማለት ነው። ግብር ተቀብሎ ግብር የማያበላ ጌታ ሰውም አይከተለውም።

ግብሩ የሚከፈለው በምን ነበር?

የጎንደር ነገሥታት የራሳቸውን ሳንቲም አልመቱም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አገር ባለው ይገብራል። ከአገው ምድር ማር፣ ቅቤና ከብት ይመጣል። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ወርቅ ይመጣል፤ በተለይ እናርያ በወርቋ የታወቀች ነበረች። ትግራይ አሞሌ ጨው አላት፤ የባሕሩም በር በእጇ ነው። በዚያ በር ጠመንጃ ይገባል። ራስ ሚካኤል ስሑል ከገባርነት ተነሥተው ንጉሥ አንጋሽና ሻሪ የሆኑት ከሌላው አገር ይልቅ ብዙ ጠመንጃ ስለሰበሰቡ ነው፤ አፄ ኢዮአስ በ1761 በእሳቸው ትእዛዝ ታንቀው ተገደሉ። ማር የሚያመጣ ገባርና ጠመንጃ የሚያሳልፍ ገባር አንድ ዓይነት ገባር አይደሉም።

ገባሩ ከግብር ሌላ ምን ዕዳ ነበረበት?

ጦር። ለዚህ ጎንደሬ የማይረሳው ምሳሌ የ1880ው ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በሰሜን ከኢጣሊያኖች ጋር ተፋጥጠው ሳለ ይህን አገር ከደርቡሽ (ከሱዳኑ የማሕዲ ጦር) የመጠበቅ ሸክም በበታች ንጉሣቸው፣ በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ላይ ወደቀ። ጥር ላይ በደምቢያ፣ ሳር ውሃ በተባለው ቦታ ጦራቸው ተሰበረ። ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ፤ ንብ ወጥቶ እንዳባረራቸው አያቶቻችን ይተርካሉ።

ግብር አልከፍልም ያለ ምን ይደርስበታል?

ክረምቱን ምንም። ወንዝ ሞልቷል፣ ጭቃው በቅሎ አያሳልፍም፤ ንጉሡም ጎንደር ተቀምጦ ይከርማል። መስቀል ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ግን ድንኳን ይነቀላል። ዘመቻ ሲባል ብዙ ሰው ጦርነት ብቻ ይመስለዋል። አብዛኛው ዘመቻ ንጉሡ በአገሩ እየዞረ «አለሁ» የሚልበት ነው፤ ዳኝነት ይሰማል፣ ይሾማል፣ ይሽራል፣ ያደረበት አገር ሠራዊቱን ይቀልባል። ሠራዊቱ አንድ ወር ከሰነበተበት የቀረውን ግብር ከፍሎ መገላገል ይቀል ነበር።

እምቢ ብሎ ጫካ የገባው «ሸፈተ» ይባላል። ዛሬ ሽፍታ ሲባል መንገድ ላይ የሚዘርፍ ሰው ይታሰበናል። በዚያን ዘመን ግን መሸፈት ከጌታ ጋር ያለውን ቃል በይፋ መቁረጥ ነበር፤ ደርዝ ያለው ሽፍታ ታርቆ ሲገባ ከፊተኛው የሚበልጥ ሹመት ይዞ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

የጎንደር ነገሥታት መዝመት ሲያቆሙ ግብሩም ቆመ። ግንቦቹ የኃይላቸው ማሳያ ናቸው ሲባል ስሰማ ዝም ብዬ አላልፍም። ድንጋይ ቤት ውስጥ ለዘለቄታው የተቀመጠ ንጉሥ በድንኳን ሲዞር የሚያገኘውን ያጣል።

ድንጋይ ተሸክሞ መግባት እውነት ነው?

እውነት ነው። ለጌታ የሚገዛው ሰው ልብሱን ከላይ አውልቆ ወይም አደግድጎ፣ ትከሻው ወይም ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ጌታው «ይነሣለት» ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ነፍሴ በእጅህ ናት ማለት ነው።

በጣም የታወቀው የመጋቢት 1870ው ነው። ምኒልክ እስከዚያ ድረስ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ይሉ ነበር። አፄ ዮሐንስ በጦር መጡባቸው፤ ልቼ ላይ ሳይዋጉ ታረቁ። ምኒልክ ድንጋይ ተሸክመው ቀረቡ፣ «ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ስም ተዉ፣ ግብር ለመክፈል ተስማሙ። ከዚያ አፄ ዮሐንስ በገዛ እጃቸው ንጉሠ ሸዋ ብለው ዘውድ ደፉላቸው። ሁለቱ ድርጊቶች ተከታትለው መምጣታቸውን ይመልከቱ፦ መጀመሪያ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ዘውድ። ዘውዱ የምኒልክ ነው፤ ሰጪው ግን ታውቋል።

ከአራት ዓመት በኋላ ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ በመዋጋታቸው አፄ ዮሐንስ ሁለቱንም ቀጡ። የተዋጉት የደቡብ ምዕራቡን ግብር ማን ያስገባ በሚል ነበር። ሁለት ገባሮች ሲጣሉ የሚዳኘው የበላዩ ነው።

ስናር የጎንደር ገባር ነበረች?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ከመተማ መንገድ የሚመጡ ናቸው። አጭሩ መልስ፦ ጎንደር እንደዚያ ብትል ትወድ ነበር፤ በዛሬው ሱዳን የነበረችው የስናር መንግሥት ግን አላመነችም።

ታሪኩ የሚጀምረው ጎንደር ሳትቆረቆር ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከዙፋኑ የወረደው የስናር ንጉሥ አብድ አልቃድር ወደ ኢትዮጵያ ሸሽቶ መጣ፤ አፄ ሱስንዮስም ጭልጋን ሰጡት። ከዚህ ወደ ምዕራብ የመኪና መንገዱን ሲይዙ የሚያገኙት ጭልጋ፣ አዎ። ለስደተኛ ንጉሥ መሬት መስጠት ቸርነት ብቻ አይደለም፤ «የስናር ዙፋን ጉዳይ እኔንም ይመለከታል» ማለት ነው። በኋላ የነገሠው ባዲ መልእክቱ ገብቶታል። ብሩስ እንደጻፈው ባዲ ለአፄ ሱስንዮስ የላከው ሁለት ያረጁ፣ ዓይነ ስውርና አንካሳ ፈረሶችን ነው። ስጦታ አልቀረም፤ ወግም አልጎደለም። ግን ለጌታ የሚላከው ምርጥ ፈረስ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ካለመላክ ይልቅ ያንን መላኩ ሳይከፋ አይቀርም። ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነት ነው።

ጉዳዩ የተዘጋው በ1736 ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ቋረኛ ኢያሱ ስናርን ሊያስገብሩ ዘመቱ። ድንድር ወንዝ አጠገብ ጦራቸው ተደመሰሰ፤ አብረው የዘመቱት ቅዱሳን ንዋያት ተማረኩ። ከእነዚህ አንዱ ኲርዓተ ርእሱ የተባለው የክርስቶስ ሥዕል ነው። ሥዕሉን ለማስመለስ ስምንት ሺ ወቄት ወርቅ እንደተከፈለ ይነገራል። ግብር ሊያመጣ የሄደ ንጉሥ ወርቅ ከፍሎ ተመለሰ። በጎንደር በኩል ስሙ ቤዛ ነው፤ በስናር በኩል ማን ምን እንዳለው መገመት አያዳግትም። ሥዕሉ ራሱ በ1860 ከመቅደላ በእንግሊዞች እጅ ወጣ።

ምጽዋስ?

ምጽዋ በቱርክ ስም በናይቡ (በእንደራሴው) እጅ ነበረች። ናይቡ ግን ውሃና እህል የሚያገኘው ከደጋው ነው። ለቀዳማዊ አፄ ኢያሱ በመጣ ዕቃ ላይ ቀረጥ ልጣል ሲል ንጉሡ እህል እንዳይወርድለት አደረጉ፤ ናይቡም ሐሳቡን ለወጠ። ሕጋዊው ጌታ ኢስታንቡል፣ የእንጀራው ጌታ ጎንደር።

በዘመነ መሳፍንት የበላዩ ማን ነበር?

በስም በግንቡ ውስጥ ያለው ንጉሥ። በተግባር ደብረ ታቦር የተቀመጠው የየጁ ራስ። ይህ ራስ «በንጉሡ ስም» ይገዛል፤ ንጉሡን የሚሾመውም የሚሽረውም እሱ ነው። ለየጁው ራስ ደግሞ የትግሬውና የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ፣ የጎጃሙ፣ የላስታው ሁሉ ሲመቻቸው ይገዙለታል፣ ሳይመቻቸው ይሸፍታሉ።

የቋራው ካሣ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ ታሪክ የሥርዓቱን አሠራር ያሳያል። ካሣ ሸፈቱ፤ እቴጌ መነን በጦር ማሸነፍ ሲያቅታቸው የልጃቸውን የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩላቸው። የገባር ማሰሪያው ጋብቻም ነበር። የእቴጌዋ ሰዎች ግን አማቹን በንቀት አዩት። አንደኛው ደጃዝማች ወንድይራድ «ያችን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣታለሁ» ብለው ፎከሩ፤ ሲማረኩ ካሣ ኮሶ አጠጧቸው ይባላል። በ1839 እቴጌዋ ራሳቸው ተማረኩ፤ ካሣ የደጃዝማችነት ማዕረግና አገር ተቀብለው ለቀቋቸው። ማራኪው ከተማራኪው ወገን ሹመት መቀበሉ ለዛሬ ሰው ይገርማል። ለጊዜው ግን ካሣ የሚፈልጉት ስሙን ነበር። ሰኔ 1845 አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል ሲያደርጉ፣ የካቲት 1847 ደግሞ ውቤን አሸንፈው፣ ውቤ ለገዛ ንግሣቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ሲቀቡ፣ ከማንም ስም መለመን አላስፈለጋቸውም።

ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ የሚላከው ወርቅ ግብር አልነበረም?

በእኛ በኩል አልነበረም። ጳጳስ የሚሾመው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ስለሆነ እሱን ለማስመጣት ብዙ ወርቅ ይላካል፤ ይህም እስከ 1951፣ ቤተ ክርስቲያኗ የራሷን ፓትርያርክ እስካገኘችበት ዓመት ድረስ በመንፈሳዊ ነገር ከእስክንድርያ በታች መሆን ነው። ምድራዊ ገባርነት ግን አያደርገውም። ግብፅን የያዙ ገዥዎች ጳጳሱን እንደ ልጓም ሊጠቀሙበት መሞከራቸው የታወቀ ነው። በአገር ውስጥም እንዲሁ ነው፤ አቡነ ሰላማን ያስመጡት ውቤ ነበሩና ጳጳሱን የያዘ ንግሥናውንም ይይዛል ብለው አስበዋል። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ የተጠቀመበት ግን ሌላ ሰው፣ ካሣ፣ ሆነ።

የውጫሌ ውል ኢትዮጵያን የኢጣሊያ ገባር አድርጓት ነበር?

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግዴታ አደረገው። መጀመሪያ ላይ ያነሣሁትን ያስታውሱ፤ የውጭ ግንኙነትን ለሌላ መተው ከገባርነት ምልክቶች አንዱ ነው። ኢጣሊያ ግብር አልጠየቀችም፣ ድንጋይም አላሸከመችም፤ አንዷን ቃል ይዛ «ጥበቃዬ ሥር ናት» አለች። ምኒልክ ድንጋይ ተሸክመው የገቡ ሰው ናቸው፤ የበታችነት ምን ማለት እንደሆነ ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር። ውሉን ሰረዙ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ጉዳዩ አለቀ።

ምኒልክ ራሳቸውስ ገባር ነገሥታት ነበሯቸው?

ነበሯቸው። የጅማው አባ ጅፋር ሳይዋጉ ገቡ፤ በየዓመቱ እየገበሩ አገራቸውን በራሳቸው ሥርዓት ገዙ፤ ጅማም ይህን መብቷን እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ ይዛ ቆየች። የነቀምቴው ሞረዳም እንዲሁ። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ግን አልገብርም አሉ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቱባቸው፤ ንጉሡ በሰንሰለት ታስረው ተወሰዱ፣ የከፋ ንግሥናም በዚያው ቀረ።

ይህ የእኛ ብቻ ነው ወይስ ሌላ አገርም አለ?

ሞልቷል። ኦኪናዋ ዛሬ የጃፓን ናት፤ በዚያን ዘመን የርዩክዩ ንጉሥ ለቻይና ይገብር ነበር። ከ1601 ጀምሮ ደግሞ ለጃፓን የሳትሱማ ጌቶችም ገበረ። የቻይና መልእክተኛ ሲመጣ ጃፓኖቹ ይደበቁ ነበር። በእንግሊዝ ሕንድ የእያንዳንዱ መስፍን ማዕረግ በሚተኮስለት መድፍ ብዛት ይለካል፤ ከ9 እስከ 21። ነጋሪት የማስመታት መብት ያለውና የሌለው መኳንንት በሚለይበት አገር ለኖረ ይህ አይከብደውም። ግብፅ ደግሞ በ1868 ጉንደትና ጉራ ላይ ስትወጋን ራሷ ለቱርኩ ሱልጣን ግብር ትከፍል ነበር።

ግቢው ውስጥ ይህን የሚያሳይ ምን ልይ?

ብዙ ሰው ከፋሲል ግንብ ፊት ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። እኔ ወደ አፄ በካፋ ግንብ እወስዳለሁ። የግብር አዳራሹ ረጅም ነው፤ ድምፅ ይመልሳል። በአንደኛው ጫፍ እርስዎ ይቁሙ፣ በሌላኛው ጫፍ ጓደኛዎ ይቀመጥ። በመካከላችሁ ሰው እንደየማዕረጉ ተደርድሮ፣ ጠጁ ከጌታው አጠገብ ጀምሮ ወደ ታች ሲወርድ ያስቡ። ከዚያ አንድ ደጃዝማች በበሩ ሲገባ ያስቡ፤ ማር ያስጫነው አጋሰስ ውጭ ቆሟል፣ እሱ ነጠላውን አደግድጓል፣ የት እንደሚያስቀምጡት ገና አልታወቀም። ያንን አዳራሽ እስኪሻገር ድረስ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። ከጌታው ስንት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀመጥ እንደሚባል ሲሰማ የዓመቱ ሒሳብ ተዘጋለት ማለት ነው።